የማሰሮው አራተኛ ሴት

«ያ ማማ ማናህሎሽ! ባሌን ቡሽራን ወሰዱብኝ!»

ሰዓዲያ ወደ ሆቴሉ ግቢ ስትገባ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ካለበት ሰፈር፣ ከጁባ ና ባሪ ድረስ ሮጣ ነው የመጣችው፤ መንገድ ላይ የወለቀውን ጫማ ለማንሳት እንኳ አልቆመችም።

ሃምሳ አለቃ ማናህሎሽ የሆቴሉ ጥበቃ ኃላፊ ናት። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወንጀል ምርመራ ሠርታለች። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ማዕረጓም ከሃምሳ አለቃ ንቅንቅ አላለም፤ አንዴ ያየችውን ግን አትረሳም፣ አንዴ የያዘችውንም አትለቅም። ጁባ ውስጥ ዕቃ የጠፋበትም ሐበሻ፣ ባል የጠፋባትም ሐበሻ የሚመጡት እሷ ጋ ነው።

«ቁጭ በይ። ማን ወሰደው?»

«ፖሊስ! የሥዕሏን መምህር ገደልክ ብለው። ዋላሂ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው!»

ማናህሎሽ የያዘችውን የቁልፍ ዘለላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ፀደንያ ሞተች ነው የምትዪኝ?»

ባለፈው ሳምንት ነበር ፀደንያ ለምታስተምራቸው ልጆች ብሩሽ ማጠቢያ ባዶ ጣሳ ልትለምን የመጣችው። ስትስቅ ድዷ ይታያል። አሥር ጣሳ ተሸክማ እየሳቀች ነበር የወጣችው።

«ሰኞ ጠዋት ወደ ትልቁ እስር ቤት እናዞረዋለን ብለዋል» አለች ሰዓዲያ። አማርኛውን የለመደችው ሐበሻ ቤት ስትሠራ ነው፤ አንቱታውን ግን አልለመደችም። «እዚያ ከገባ ማን ያወጣዋል? አንቺ ታውቂያለሽ። ማንም!»

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ተኩል።

ትምህርት ቤቱ ሐበሾች ተሰባስበው ያቋቋሙት ትንሽ ግቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀደንያና ረዳቷ ትሕትና ልጆችን ሥዕል ያስተምራሉ፤ ቡሽራ በር ይጠብቃል። የፖሊሱ ካፒቴን ቾል የሥዕል ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጋምቤላ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ጥርት ያለ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ማን ጠራዎት?»

«እግሬ።»

«እንግዲያው ዐይንዎን ያስገቡ፤ እጅዎ ውጭ ይቆይ።»

ፀደንያ ጠረጴዛው ሥር በደረቷ ተደፍታለች፤ አንድ ሰው ነጠላ አልብሷታል። አጠገቧ ቀይ አፈርና ከሰል ለቀለም የምትፈጭበት ድንጋይ መጅ ወድቋል። ማናህሎሽ ነጠላውን ገልጣ አየችና መለሰችው። ከኋላ፣ አንዴ ብቻ ነው የተመታችው። ጀርባዋን የሰጠችው ለምታውቀው ሰው ነው።

መደርደሪያው ላይ የልጆቹ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የጥንት ግሪክ ማሰሮዎች ፎቶ ተለጥፏል፤ ልጆቹ ከዚያ እያዩ ቀዩ ሸክላ ላይ በጥቁር ቀለም የጁባን ሰው ሥለዋል። ባለ ቦዳ ሞተረኛው፣ ዓሣ ሻጯ፣ ፍየል ጎታቹ፣ ሁሉም እንደ ግሪኮቹ ወደ ጎን ዞረው አንድ ዐይናቸውን ብቻ እያሳዩ ተከታትለው ይሄዳሉ።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የፀደንያ የራሷ ማሰሮ አለ። አራት ሰዎች አሉበት። የመጨረሻዋ ልጅ ያዘለች፣ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ናት።

«ሐኪሙ ስንት ሰዓት ሞተች አለ?»

«በዚህ ሙቀት ሬሳ ሰዓት አይናገርም አለ። ማሰሮው ግን ተናገረ።» ቾል ጠቋሚ ጣቱን አሳያት፤ ጫፉ ጥቁር ነው። «ቡሽራ ሞታ አገኘኋት ያለው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ይቺን አራተኛዋን ነካሁ፤ ገና እርጥብ ናት። ስለዚህ ፀደንያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቁጭ ብላ ስትሥል ነበር። ከስምንት ሰዓት ወዲህ ደግሞ የእናንተ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የማርያም ማኅበር። ግቢው ውስጥ የነበረው ቡሽራ ብቻ።»

ማናህሎሽ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ጎንበስ ብላ ማሰሮውን አየችው። የሦስቱ ሰዎች ዐይንና የልብስ እጥፋት በምስማር ጫፍ ተጭሮ የወጣ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነው። የአራተኛዋ ግን ጠርዙ ፈሶ ደብዝዟል። በመስኮቱ ክፈፍ ጥቃቅን ጉንዳኖች በሰልፍ ወርደው፣ ጠረጴዛውን አቋርጠው፣ ማሰሮው ላይ ወጥተዋል።

«ጉንዳን በዝቷል» አለች።

«ጁባ ነው፤ ጉንዳን የሌለበት የት አለ?»

«ማሰሮውን ማን ማን አየው?»

«እኔ፣ ቡሽራ፣ አሁን እርስዎ።»

«ሸፍነው። ሌላ ሰው እንዳያይብኝ።»

ውጭ ሰዓዲያ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ማሰሮዎቹን ጉምቦ ሰፈር ካለው ቤቷ ጓሮ ሠርታ የምታመጣው እሷ ናት።

«ሰዓዲያ፣ ቀለም ሸክላሽ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ሰዓት?» ሰዓዲያ በዚያ ሁሉ እንባ ውስጥ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «የኔ ማሰሮ ይጠጣዋል እኮ! ልጆቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ይደርቃል። ‹ሰዓዲያ፣ ማሰሮሽ ጠምቶታል› ይሉኛል።»

አስከሬኑ የተነሣው አሥራ አንድ ሊሞላ ሲል ነው፤ ማሰሮው ሲሸፈን አሥራ አንድ ሞልቶ ነበር። ያን ጊዜም ያቺ አራተኛ ሴት ታብረቀርቅ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ሠርፀ ቢሮው ውስጥ ወረቀት ያገላብጣል። ማናህሎሽ ስትገባ አንዱን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

«ምንድን ነው የደበቁት?»

«ምንም፣ የቢሮ ጉዳይ ነው።»

«አቶ ሠርፀ፣ ሰው የሞተበት ግቢ ውስጥ የቢሮ ጉዳይ የለም። ያምጡት።»

ሠርፀ አንገቱን እየነቀነቀ አወጣው። የፀደንያ የክስ ደብዳቤ ነበር፤ የሥዕል ክፍሌን ለኮምፒውተር ሊቀማኝ ነው ብላ ለኮሚቴው የጻፈችው።

«ወላጆች ነጋ ጠባ ይጨቀጭቁኛል!» አለ ሠርፀ። «‹ልጆቻችንን አንድ ዐይና ሰው ሣሉ ትላቸዋለች› ይላሉ። እኔ በሥዕል ምን አገባኝ? ኮምፒውተር ይሻላል አልኩ። ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰም ሲገደል አይቻለሁ። ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አምስት ተኩል። ስድስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ ጋር ወንበር እደረድር ነበር። ይጠይቋቸው።»

ጠየቀቻቸው። ሴቶቹ ወንበር መደርደሩን ሳይሆን ወንበር ደርድሩ ማለቱን አስታወሱ። ለማንኛውም ከዚያ አልጠፋም።

ትሕትና ከክፍሉ በስተጀርባ ካለው የውሃ ታንከር ሥር ነው የተገኘችው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጣቷ ላይ አዲስ ቀለበት ታሽከረክራለች።

«ከፀደንያ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለች ማናህሎሽ።

«ማን ነው ያለው?»

«ፊትሽ።»

ትሕትና ከንፈሯን ነከሰች። «ባለፈው ቅዳሜ ‹ቀለበቱን ለጊዜው አውልቂው፤ ምክንያቱን እሱ ራሱ ይነግርሻል› አለችኝ። ቀናችብኝ መሰለኝ፤ ክፉ ቃል ተናገርኳት። ዛሬ ጠዋት እንኳ ደህና ዋይ ሳልላት ነው የወጣሁት፣ እትዬ ማናህሎሽ።»

እጮኛዋ ዲያቆን ባምላክ ነው፤ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሥለው። ለሚቀጥለው ወር የተክሊል ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሊታወጅ ነበር።

«ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«አምስት ሰዓት። ልጆቹን በሚኒባስ በየቤታቸው ሳደርስ ሰባት ተኩል ሆነ። ሾፌሩ አለ።»

«ስትወጪ ማሰሮዋ ላይ ስንት ሰው ነበር?»

«ሦስት። ልጆቹ ‹ውሃ ቀጂዋን ከነልጇ ጨምሪልን› ብለው ሲጮሁባት፣ ‹የሚቀጥለው ቅዳሜ ዐይናችሁ እያየ ነው የምሥላት፤ እስከዚያ ቦታዋን አትንኩ› አለቻቸውና ‹ውሃ ቀጂ ከነልጇ› ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ‹ሳይደርቅ አትጫሩ› ማለት ደግሞ የሁልጊዜ ትምህርቷ ነው።»

ማናህሎሽ ዞር ብላ የክፍሉን መስኮት አየች። እንዲህ ብላ ለልጆች ቃል የገባች ሴት፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ለምን ትሥላለች? ሳይደርቅ አትጫሩ ብላ የምታስተምር ሴትስ እርጥብ ቀለም ለምን ትጭራለች?

እሑድ ማለዳ ቡሽራን ልትጠይቅ ጣቢያ ሄደች። ቡሽራ ዐይኑ አብጧል። ሰዓዲያ ያመጣችለትን ምግብ አልነካውም።

«ሁሉንም ንገረኝ። የሚያሳፍርህንም።»

«ስድስት ተኩል ላይ በሩን በሽቦ አሰርኩና ልሰግድ ሄድኩ። ከዚያ ከሰዓዲያ ጋር ምሳ በላን። ስመለስ ሰባት ተኩል ሆኗል። መምህርቷ አምልጣኝ ማኅበር የሄደች መሰለኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ክፍሉን ልቆልፍ ስገባ...»

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ! ‹እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ለነበረች ሴት ስድስት ተኩል ምን ያደርግልናል?› አሉኝ።»

ከጣቢያው ወጥታ ሞጣ ወደምትኖረው የፀደንያ ታናሽ እህት ደወለች። እህቷ ሐዘን ላይ ናት፤ ቃላቷ እየተቆረጠ ነው የሚመጣው። ሆኖም አንድ ነገር አስታወሰች፦ ማሚቱ የምትባል ጎረቤታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ጥሏት የጠፋውን ባሏን ጁባ አይተሽው እንደሆን ብላ፣ ለፀደንያ ፎቶ ልካላት ነበር። «ለእርስዎም ልላክልዎት?» አለች። ማናህሎሽ ፎቶውን አየችውና ስልኩን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች።

ባምላክን ያገኘችው ከቅዳሴ በኋላ እንጨት መወጣጫው ላይ ነው። ግድግዳውን ግማሽ አድርሶታል። ማርያም ልጇን አቅፋ በሁለት ትላልቅ ዐይኖቿ ትመለከታለች፤ መላእክቱም፣ ጻድቃኑም እንደዚያው። ከታች ጥግ ላይ ያሉት ሰይጣናትና ገራፊዎች ግን ወደ ጎን ዞረዋል፤ አንድ አንድ ዐይን ብቻ ነው ያላቸው።

«እነዚህን አስቀያሚ አድርገህ ሣልካቸው» አለች።

«ሥርዓቱ ነው፣ እማማ። ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን አይሰጥም። እኔ ይህን የተማርኩት በዱላ ነው።»

«ፀደንያ ግን ሁሉንም አንድ ዐይን ታደርግ ነበር አሉ።»

«ነግሬያት ነበር። ግሪክ እንደዚህ ነው የሚሥለው አለችኝ። ነፍሷን ይማር።»

ከብሩሾቹ ሳጥን አጠገብ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውሃ የሞላው ሳህን መሐል ቆማለች። ማናህሎሽ ወጥ ቤት ያደገች ሴት ናት፤ ብልቃጥ ውሃ መሐል የሚቆመው ጉንዳን እንዳይወጣበት መሆኑን አላጣችውም።

«ምንድን ነው?»

«ማር። ሳል ይዞኝ ነው።»

እዚያ በቆየችበት ግማሽ ሰዓት ግን አንዴም አላሳለውም።

«ትናንት ስንት ሰዓት መጣህ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ዳቦውን ባርከን ስንቆርስ ነበርኩ። ስልሳ ሰው አይቶኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም የሥዕል ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሠርፀ ሰዓቱን ያያል፤ ትሕትና ከባምላክ ጎን ቁጭ ብላለች፤ ሰዓዲያ በሩ ሥር ቆማለች። ቾል ቡሽራን በካቴና አስሮ አምጥቶታል። መሐል ጠረጴዛው ላይ የፀደንያ ማሰሮ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«የሚያልቅ ነገር ካለ ቶሎ ይለቅ» አለ ሠርፀ።

«ያልቃል። በመጀመሪያ ግን ሥራ አለ።» ማናህሎሽ ሦስት ባዶ ማሰሮና ብሩሽ አደለቻቸው። «ፀደንያ ለልጆቹ ልጅ ያዘለች ውሃ ቀጂ ልትሥልላቸው ቃል ገብታ ነበር። ለመታሰቢያዋ እናንተ ሣሉላቸው።»

«እኔ እኮ ክብ እንኳ መሥራት አልችልም!» አለ ሠርፀ።

«እንደሚችሉት።»

ለጥቂት ደቂቃ የብሩሽ ድምፅ ብቻ ሆነ። ቀለሙ ገና ከብሩሹ ሲወርድ ሸክላው ጠጥቶት ይደርቃል፤ ሁሉም በምስማር ጫሩት። ሠርፀ የሠራው ጀሪካን ተሸክማ የምትሄድ ድንች ይመስላል፤ ቾል ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠው። ትሕትና እንደተማረችው ሴትዮዋን ወደ ጎን አዙራ አንድ ዐይን ሰጠቻት። የባምላክ ግን ከሁሉም ታምር ነበር። ሰውነቷ ወደ ጎን ይራመዳል፤ ፊቷ ግን ወደ ሰው ዞሯል፤ በሁለት ትላልቅ ዐይኖች ታያለች።

ማናህሎሽ ጨርቁን ገለጠችው።

ትሕትና አፏን በእጇ ያዘች። አራተኛዋ ሴት የባምላክ ሴት መንትያ ናት። ያው አንገት፣ ያው ሁለት ዐይን።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ማናህሎሽ። «ካፒቴን ቾል፣ ቀለሙ እርጥብ ስለሆነ አሁን የተሣለ ነው አልክ። ይህን ሸክላ የሠራችው ሰዓዲያ ግን ቀለም እዚህ ላይ እጅ እስኪታጠቡ አይቆይም ትላለች። አሁን በዐይናችሁ አይታችኋል። አንተ አሥር ሰዓት ላይ ስትነካው እርጥብ ነበር፤ እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳየውም እርጥብ ነበር። ሞታ ከተገኘች በኋላ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል የምትሥል ሴት አለች? የለችም። ቀለሙ ውስጥ የማያደርቀው ነገር ገብቷል።»

«ምን?» አለ ቾል።

«ጉንዳኖቹን ጠይቃቸው። ከሰልና ሙጫ የተቀቡትን ሦስቱን ሰዎች አልፈው አራተኛዋ ላይ ነው የተሰበሰቡት። ማር ነው። ሰውየው ቀለሙ ሰዓት እንዲዋሽለት ፈለገ። ይህን የሚፈልገው ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ስልሳ ምስክር ያለው፣ ከዚያ በፊት ግን አንድም የሌለው ሰው ነው። ቡሽራ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል በር ላይ አልነበረም። ያን ጊዜ ሠርፀ ሴቶቹን ወንበር ያዛል። ትሕትና ሚኒባስ ውስጥ ናት።»

ሁሉም ወደ ባምላክ ዞሩ። ባምላክ ብሩሹን አላስቀመጠም።

«ሁለት ዐይን መሣል ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ፀደንያ ግን አንድም ሰው በሁለት ዐይን ሥላ አታውቅም። መደርደሪያውን ሙሉ እይ።»

«ማርም ሰው ሁሉ ቤት አለ።»

«ባምላክ...» አለች ትሕትና፤ ከጎኑ ፈቀቅ ብላ። «የጁባ ሙቀት ግድግዳውን ቶሎ እንዳያደርቅብህ ቀለሙ ውስጥ ማር የምትጨምረው አንተ አይደለህም? አንተ ነህ ያሳየኸኝ። ብልቃጧስ ከብሩሽ ሳጥንህ መቼ ትለያለች?»

«ለእኔ ደግሞ ለሳል ነው አለኝ» አለች ማናህሎሽ። ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ትሕትና ፊት አስቀመጠችው። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዪው።»

ፎቶው ላይ ባምላክ ካባ ለብሷል፤ አክሊል ደፍቷል። አጠገቡ አክሊል የደፋች ሌላ ሴት አለች።

«ማሚቱ ትባላለች። ሞጣ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ፀደንያ ‹ለትሕትና ራስህ ንገራት፤ እሑድ ከመታወጁ በፊት ካልነገርክ እኔ እነግራታለሁ› ብላዋለች ማለት ነው። ትናንት ልታሳምነው ቆየች፤ እሱም ሊያሳምናት መጣ። እሷ ቀለሟን ልትፈጭ ዞረች።»

ትሕትና ቀለበቱን አወለቀች። እጁ ላይ አልሰጠችውም፤ ቀለም ያለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ተነሥታ ሰዓዲያ አጠገብ ቆመች።

ባምላክ ለረጅም ጊዜ ማሰሮውን አየ። «ስሜን አጥፍታ ክህነቴን ሁሉ ልታሳጣኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንድ ዐይን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ብሩሹን አንሥቼ... ልጅ ያዘለች እናት እኮ ናት። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ሰው ለመግደል እምቢ ያላለ እጅ!» አለች ማናህሎሽ።

 ቾል የቡሽራን ካቴና ፈታ፤ ሳያቀዘቅዘው ባምላክ እጅ ላይ አደረገው። ሰዓዲያ ባሏን አላቀፈችውም፤ ያበጠ ዐይኑን በነጠላዋ ጫፍ እየነካካች በዓረብኛ ትሰድበው ጀመር፤ ለምን ምግቤን አልበላህም ብላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሥዕል ክፍሉ ተከፈተ። ሠርፀ ስለ ኮምፒውተር አላነሣም። ሰዓዲያ አዲስ ማሰሮ አመጣች፤ ልጆቹ ከበው ቆሙ፤ ትሕትና ዐይናቸው እያየ ውሃ ቀጂዋን ከነልጇ ሣለችላቸው። ወደ ጎን አዞረቻት። ቀለሙ ሲደርቅ ጠብቃ ዐይኗን በምስማር ጫረችላት።

ስድስት ተኩል ሲሆን ቡሽራ ከበሩ ሥር ተነሣ፤ ወደ መስጊዱ አቅጣጫ አየ። ሽቦውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ። እንደገና ተቀመጠ።

ማናህሎሽ ከክፍሉ ጥላ ሥር ወጥታ መጣችና ትከሻውን ነካችው።

«ተነሥልኝ።»

«ያ ማማ፣ በሩ...»

«ሂድና ስገድ። ምሳህንም ብላ» አለችውና ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። «በሩን እኔ ይዤዋለሁ።»